የእትዬ አስካለ እጅና የእኔ ድግሪ

ባለፈው ወር ክፍል ውስጥ ስለ እሸት ቡና አሰባሰብ እያስረዳሁ ሳለ፣ አንዲት ተማሪ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።

“መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አይቀየሙኝም?”

“ጠይቂ።”

“ድግሪ ይዘው አራት ዓመት ቡና ሲያጥቡ ነበር ይባላል። እውነት ነው?”

“እውነት ነው።”

“ታዲያ ድግሪው ምን ሠራልዎት?”

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁና ጠመኔዬን አንስቼ ሰሌዳው ላይ “የትምህርት ጥቅሞች” ብዬ ርዕስ ጻፍሁ፤ ከሥሩ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልሁ ዘረዘርሁ። ልጆቹ ጽፈው ያዙት። ከሚዛን ወደ አማን በባጃጅ ስመለስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። የጻፍሁት ሁሉ ስሕተት አልነበረም፤ የልጅቷ ጥያቄ መልስ ግን አልነበረም። መልሱ ቴፒ ነው ያለው፤ አንድ የሲሚንቶ ገንዳ ዳር። እዚያ ለመድረስ ከመጀመሪያው መጀመር አለብኝ።

ተወልጄ ያደግሁት አማን ነው። በእጽዋት ሳይንስ ስመረቅ እናቴ የምረቃ ፎቶዬን ከሳሎኑ በር ትይዩ ሰቀለችው፤ የገባ እንግዳ ሁሉ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ እሷን ሰላም እንዲል። ከዚያ በኋላ ፎቶው ግድግዳው ላይ፣ እኔ ደግሞ ከሥሩ ሶፋው ላይ አንድ ዓመት ከረምን። አብሮኝ የተመረቀ ጓደኛዬ ባጃጅ መንዳት ጀምሮ ነበር። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ “ግባ፤ ድግሪ ለድግሪ በነጻ ነው” ይለኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሸኮ አካባቢ ባለ አንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ የጥራት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጠርሁ። ደመወዙ የሚወራለት አልነበረም፤ እኔ ግን ሶፋውን ተሰናብቼ ሄድሁ።

ሥራውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ከገበሬው የሚመጣው ቀይ እሸት ቡና መጀመሪያ በመፈልፈያ ማሽን ውስጥ ያልፍና ቀዩ ልጣጭ ይገፈፋል። ፍሬው ግን ገና ንጹሕ አይደለም፤ ማር የመሰለ የሚያሟልጭ ሙጫ ለብሷል። ሙጫው በውሃ ብቻ አይለቅም። ስለዚህ ፍሬው ገንዳ ውስጥ ገብቶ ይብላላል፤ ሙጫው ቀስ እያለ ይሟሟል። ከዚያ ውሃ ተለቆበት ይታጠብና ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል። የሥራው ሁሉ ቁልፍ አንድ ጥያቄ ነው፦ ውሃው መቼ ይለቀቅ? ከቸኮልህ ሙጫው ፍሬው ላይ ይቀራል። ከዘገየህ ቡናው ይኮመጥጣል፤ አንዴ የኮመጠጠ ቡና ደግሞ ምንም ብታደርገው አይመለስም።

ሸኮ አየሩ ቀዝቃዛ ነው። እዚያ የነበረው አለቃዬ ሰዓት አክባሪ ሰው ስለነበር ሁሉም ገንዳ ሠላሳ ስድስት ሰዓት ይቆይ ነበር፤ ቡናውም ደህና ይወጣ ነበር። እኔ ይህን በሰንጠረዥ አዘጋጅቼ፣ በቀይ እስክሪብቶ አስምሬ፣ በላስቲክ አስለብጬ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁት። በዓመቱ መጨረሻ ተመሰገንሁ። እንደዚያ ዓመት ብልህ የነበርሁበት ጊዜ ከዚያ ወዲህ አልገጠመኝም።

በዚህ ምስጋና ቴፒ ያለ ሌላ ጣቢያ በኃላፊነት ወሰደኝ። ሰንጠረዤን ጠቅልዬ ይዤ ሄድሁ። የጣቢያው ባለቤት አቶ ሰይፉ ግቢውን ሲያስጎበኘኝ ገንዳዎቹ ዘንድ ስንደርስ አንዲት ቀጠን ያሉ፣ ጎልማሳነትን ያለፉ ሴት ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ገንዳ ውስጥ ነክረው ቆመዋል።

“አስካለ ትባላለች። ሃያ ሦስት ዓመት ገንዳውን የያዘችው እሷ ናት” አለኝ፤ ወደ እሳቸው ዞሮም “አስካለ፣ አዲሱ ኃላፊ ይኸው። ባለ ድግሪ ነው” አለ።

እትዬ አስካለ እጃቸውን ሳያወጡ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። “እሰይ፤ እኛም ድግሪ አገኘን” አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ “ድግሪው” ሆነ።

እትዬ አስካለ ከከፋ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ቴፒ የቀሩ ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። ትምህርታቸው ሁለተኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ልማዳቸውን እንደ ደንብ መጽሐፍ ልጽፈው እችላለሁ። ቡና በሚገባበት ወራት ሽንኩርት አይልጡም፤ ጎረቤት ይልጥላቸዋል። ሽታ ባለው ሳሙና አይታጠቡም። ገንዳ ሲፈትሹ ከላይ ያለውን ፍሬ አይነኩም፤ “ላዩ ይዋሻል” ይላሉ። እጃቸውን ወደ መሃል ሰድደው አንድ እፍኝ ያወጡና ጆሯቸው ሥር አስጠግተው በሁለት መዳፍ ያሹታል። ገና ከሆነ ይሟለጫል፤ ድምፅ የለውም። ከደረሰ ጠጠር መንገድ ላይ እንደሚራመድ ሰው ኮቴ ይንኮሻኮሻል። ይህን በሦስት ቦታ ይደግሙታል፤ ከንፈራቸው በከፋ ቋንቋ እየቆጠረ። ከዚያ ወይ “ገና” ይላሉ፣ ወይ “ይበቃዋል”። ሦስተኛ ቃል የላቸውም።

ዓይኔ እያየ ያላመንሁት ግን የጆንያው ነገር ነው። አንድ ቀን አንድ አቅራቢ የእሸት ጆንያዎቹን አውርዶ “የዛሬ ነው” አለ። እትዬ አስካለ እጃቸውን ከአንዱ ጆንያ መሃል ከተው ትንሽ ቆዩ።

“የትናንት ጠዋት ነው።”

“እትዬ፣ እናቴ ትሙት የዛሬ ነው!”

“እናትህን ተዋት። ሰኞ ገበያ አግኝቻታለሁ፤ ደህና ናት። የታመመው ቡናህ ነው፤ መሃሉ እንደ ትኩሳታም ልጅ ይፈጃል።”

ሰውየው አንገቱን አከከ። “በቃ፣ የትናንት ከሰዓት ነው።”

“ጠዋት።”

“እሺ ጠዋት፤ ረፋድ ላይ” አለና ጆንያውን መልሶ መጫን ጀመረ። እኔ ቴርሞሜትሬን አወጣሁና ጆንያው ውስጥ ሰካሁ። እውነትም መሃሉ ከዳሩ ይልቅ ይሞቅ ነበር። መጽሐፌ ላይ ያነበብሁትን ነገር አንዲት ሴት በእጃቸው ሲያነቡት ቆሜ አየሁ፤ ተገረምሁም። ግን ከመገረም አልፌ አልተማርሁም። ይህን ለይቼ የምጽፈው አድናቆትና ትምህርት አንድ ስላልሆኑ ነው።

ቴፒ ከሸኮ ዝቅ ያለ አገር ነው፤ ይሞቃል። ለዚህ ድግሪ አያስፈልግም፤ ሸሚዝህ ይነግርሃል። እኔ ግን ሰንጠረዤን እንዳለ ለጠፍሁት፤ ሠላሳ ስድስት ሰዓት።

በሁለተኛው ሳምንት ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ የተፈለፈለ አንድ ሙሉ ገንዳ ነበረን፤ ከዚያ ዓመት ቡናችን ሁሉ የተመረጠው። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ እትዬ አስካለ እጃቸውን ከተው አሹ፤ ሰሙ፤ ቆጠሩ።

“ድግሪው፣ ይበቃዋል። ውሃ ልቀቅበት።”

ሰዓቴን አየሁ። “እትዬ፣ ገና ሃያ ሰዓቱ ነው። አሥራ ስድስት ይቀረዋል።”

“ማን ነው ያለው?”

“ሰንጠረዡ።”

“ሰንጠረዡ እጁን ከቶታል?”

ሠራተኞቹ ሳቁ። ያ ሳቅ ነው ያበላሸኝ። “ኃላፊው እኔ ነኝ፤ በሰንጠረዡ ነው የምንሠራው” አልሁ፤ ድምፄም ከፍ ብሎ ነበር። እትዬ አስካለ እጃቸውን አራገፉ። “እሺ፤ ኃላፊ ነህ” ብለው ሄዱ።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ ግቢው በር ላይ ስደርስ ነው ሽታው የተቀበለኝ። ሆምጣጤ ነበር። ገንዳው ዳር ቆሜ እጄን ከተትሁ፤ ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ። አጠብነው፣ አልጋ ላይ ሰጣነው፣ ፀሐይ መታው፤ ሽታው አልወጣም። ለጣዕም ቀማሾች የተላከው ናሙና “ኮምጣጣ” ተብሎ ተመለሰ።

አቶ ሰይፉ ወረቀቱን ይዞ መጣ። ሁላችንንም ገንዳው ፊት አቆመን።

“ገንዳው ላይ ማን ነበር?”

መልሱን የማውቀው እኔ ነበርሁ። ዝም አልሁ። ሠራተኞቹ እኔን አዩና እነሱም ዝም አሉ። አቶ ሰይፉ ዝምታውን በራሱ መንገድ ተረጎመው።

“አስካለ፣ ፊደል ሳትቆጥሪ ሃያ ሦስት ዓመት የታገሥኩሽ ስላላበላሸሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ አልጋ ላይ ትውያለሽ።”

አልጋ ላይ መዋል ማለት ከለጋ ልጃገረዶች ጋር ጎንበስ ብሎ የተሰበረና የቆሸሸ ፍሬ መልቀም ነው። እትዬ አስካለ አንዴ ብቻ አዩኝ። እኔ ሰንጠረዡን አየሁ። እጃቸውን በንጹሕ ውሃ ታጠቡና ወደ አልጋዎቹ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ዘጠኝ ቀናት መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ይህን ብዘል ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። ሰንጠረዡን ማመን አቃተኝ፤ እጄም ምንም አይነግረኝም፤ እርጥበት ብቻ። ስለዚህ ከገንዳው አንድ እፍኝ በቆርቆሮ ኩባያ እያወጣሁ፣ ግቢውን አቋርጬ፣ አልጋው ዘንድ ጎንበስ ብዬ “እትዬ፣ ይህ እንዴት ነው?” እል ጀመር። እሳቸውም ያለ አንዲት የወቀሳ ቃል አሽተው፣ ሰምተው “ገና” ወይም “ይበቃዋል” ይሉኛል። በእኔ ጥፋት ከገንዳው ተባረው ገንዳውን ከአልጋ ሆነው ይጠብቁት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ኩባያዬን ይዤ ስመጣ ከለቃሚዎቹ አንዷ “ኧረ ገንዳውን ራሱን ተሸክማችሁ እዚህ አምጡት፤ የድግሪው እግር አለቀ!” አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እትዬ አስካለም ሳቁ። እኔ ኩባያውን መሬት አስቀምጬ በቀጥታ ወደ አቶ ሰይፉ ቢሮ ሄድሁ።

ሁሉንም ነገርሁት፦ እሳቸው ይበቃዋል ማለታቸውን፣ እኔ እንቢ ማለቴን፣ ሲጠይቅ ዝም ማለቴን።

“ባለ ድግሪ ቀጠርሁ ብዬ ለስንቱ አወራሁ!” አለ። “አስካለ እስከ ምርቱ ማለቂያ ወደ ገንዳው ትመለስ። ግን ስማ። ገዢዎቹ ገንዳውን የሚይዘው ሰው የብቃት ማረጋገጫ ይኑረው እያሉኝ ነው። እስከ መስከረም ምዘናውን ካላለፈች ገንዳ አትነካም። ያኔ ቆመህ ብትምልልኝም አልሰማህም።”

እኔን ለምን እንዳላባረረኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወጥቼ ለእትዬ አስካለ ነገርኋቸው። ይቅርታም ጠየቅሁ። ይቅርታውን ያልሰሙ መስለው “ምዘናው ምን ይጠይቃል?” አሉ።

“ሁለት ነው። አንዱ በተግባር፣ አንዱ በጽሑፍ።”

“በጽሑፍ” አሉና መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። “እንግዲያው እኔ እጅህን አስተምርሃለሁ፤ አንተ ዓይኔን አስተምረኝ።”

እንዲህ ጀመርን። በምሳ ሰዓት ባዶ ጆንያ ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥራሉ። የረሱትን ለማስታወስ የፈጀባቸው ጥቂት ሳምንት ነበር፤ እርሳስ መያዝ ግን ከበዳቸው። ገንዳ የለመደ ጣት እርሳሱን ይሰብረዋል። ሲሰበር ይቀርጹታል፤ ይቀጥላሉ። እኩያቸው የሆኑ አንዲት ሠራተኛ ያልፉና “አስካለ፣ ዩኒፎርም እናሰፋልሽ?” ይሏቸዋል። “አሰፊልኝ፤ ወገቡን ሰፋ አድርጊው” ብለው ቀና ሳይሉ ይጽፋሉ። ክረምት ገብቶ ጣቢያው ሲዘጋም አላቋረጡም፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ። አሁን በመምህርነቴ ብዙ ጎበዝ ተማሪ አያለሁ። እንደዚያ ያለ ተማሪ ገና አላየሁም።

እኔም ምርቱ እስኪያልቅ ከጎናቸው ቆሜ እጄን ነከርሁ። አንድ ነገር ግን በራሴ ጨመርሁ። እያንዳንዱን ገንዳ በደብተር መዝግቤ ያዝሁ፦ የአየሩን ሙቀት፣ የገንዳውን መሃል ሙቀት፣ የፈጀውን ሰዓት፣ በመጨረሻም የእትዬ አስካለን ቃል። ይህን ያስተማረኝ ዩኒቨርሲቲ ነው። ለምን እንደምመዘግብ ያን ጊዜ በግልጽ አላውቅም ነበር።

በሐምሌ በሚኒባስ ሚዛን ወዳለው የምዘና ማዕከል መጣን። በተግባሩ ፈተና ላይ በመስኮት አየኋቸው። መዛኙ ወጣት ሦስት ባልዲ አቀረበላቸው። አሹ፤ ሰሙ፤ “ገና፣ ይበቃዋል፣ ይህኛውን ገድላችሁታል” አሉ። ልጁ የያዘውን ወረቀት ገልጦ አየ፤ ቀና ብሎ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ የራሱን እጅ ባልዲው ውስጥ ከተተ። “እስቲ እንደገና ያሳዩኝ” ሲል ሰማሁት።

የጽሑፉ ውጤት ሲለጠፍ ግን በአንድ ጥያቄ ብቻ ወድቀው ነበር።

“የትኛውን ነው የሳቱት እትዬ?” አልኋቸው።

“ካነበብኋቸው የሳትሁ አይመስለኝም። ጥቂቱን ሳላነበው ሰዓት አለቀብኝ። አንዱን ደግሞ አንብቤ ተውሁት።”

“የቱን?”

“‘እሸት ቡና ከተፈለፈለ በኋላ ለስንት ሰዓት ይብላላል?’ የሚለውን።”

ደሜ ፈላ። ያን ጥያቄ ከማዕከሉ የቀድሞ ፈተና ከነመልሱ አግኝተን ከእሳቸው ጋር አሥር ጊዜ ሠርተነዋል። “ሐ ነበር እኮ! ሠላሳ ስድስት! ሐን ይክበቡ ብቻ ብዬዎት አልነበረም?”

“ብለኸኛል።”

“ታዲያ መልሱን እያወቁ?”

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። “ልጄ፣ በዚያ መልስ አንድ ገንዳ ገድለሃል። አንተ ሳታውቅ ነው። እኔ እያወቅሁ በገዛ እጄ ልክበበው?”

ቦታቸው በዚያች አንዲት ክብ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ክቧንም አላደረጓትም። በሚኒባስ ወደ ቴፒ ተመለስን።

ቤቴ ስገባ ደብተሩን አወጣሁ፤ ከሸኮው ዓመት ማስታወሻዬም ጋር ጎን ለጎን ዘረጋሁት። ያን ጊዜ ነው የተገለጠልኝ። ሸኮ ሠላሳ ስድስት ሰዓት የፈጀው ቴፒ ሃያ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይፈጃል፤ በአንዱ ጣቢያ ውስጥ እንኳ ደመናማ ቀንና ፀሐያማ ቀን አንድ አይደሉም። ከእያንዳንዱ ቁጥር ጎን የእትዬ አስካለ “ይበቃዋል” ተጽፏል፤ ቁጥሩና ቃሉም አንድም ቦታ አይጣሉም። ሃያ ሦስት ዓመት በእጃቸው የያዙት እውቀት ወረቀት ላይ ተሰልፎ ቆሞ አየሁት።

ለምዘና ማዕከሉ ደብዳቤ ጻፍሁ። ጥያቄው በአንድ ሰዓት ሊመለስ እንደማይችል፣ ከፍታና ሙቀት እንደሚለውጡት በሰንጠረዥና በማስረጃ አስረዳሁ። በመጨረሻው አንቀጽ ላይ ቆየሁ። ከዚያ “ለዚህ ምስክሩ ራሴ ነኝ፤ በሠላሳ ስድስት ሰዓት ሙሉ ገንዳ ያበላሸሁት፣ በጥፋቴም ሌላ ሰው ሲቀጣ ዝም ያልሁት እኔ ነኝ” ብዬ ጻፍሁና ከስሜ ሥር ድግሪዬን ጠቅሼ ፈረምሁ። በደብዳቤ ላይ ድግሪዬን ስጽፍ ያፈርሁበትም የኮራሁበትም ብቸኛ ቀን ያ ነው።

ጳጉሜን ላይ ተደወለ። ጥያቄው ከፈተናው ወጥቷል፤ ውጤቱ እንደገና ሲሰላ እትዬ አስካለ አልፈዋል፤ ከእሳቸው ጋር ሌሎች ሁለት ሰዎችም አልፈዋል። ማረጋገጫውን ይዤላቸው ሄድሁና ላነብላቸው ስል ነጠቁኝ። ጣታቸውን ከቃል ወደ ቃል እየጎተቱ፣ ስማቸውን እስከ አያታቸው ድረስ ራሳቸው አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው ለአቶ ሰይፉ እንድሰጥ መለሱልኝ። “እሱ ነው የፈለገው፤ እሱ ይያዘው” አሉ። መስከረም ላይ እሸት ቡና መግባት ሲጀምር ክንዳቸው ገንዳው ውስጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብሬያቸው ሠራሁ። ሰንጠረዤን ከግድግዳው አንስቼ ነበር፤ ደብተሩ ግን እየወፈረ ሄደ፤ ዛሬ ተማሪዎቼን የማስተምረው ከእሱ ነው። የመምህርነቱ ሥራ ሲገኝልኝ እናቴ ፎቶውን ወልውላ እንደገና ሰቀለችው።

የመጨረሻ ቀኔ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ እትዬ አስካለ ገንዳው ዳር ጠሩኝ። ዓመቱ ከሰጠው ቡና የተመረጠው፣ ሙሉ ገንዳ ነበር።

“እጅህን ክተት።”

ከተትሁ። ወደ መሃል ሰድጄ አንድ እፍኝ አወጣሁ፤ ጆሮዬ ሥር አሸሁት። በሦስት ቦታ ደገምሁት። ጠጠሩ አለ፤ ግን ከሥሩ ገና ቀጭን ሙልጭታ ይሰማል።

“ገና ነው” አልሁ። “ሁለት ሰዓት ይቀረዋል።”

እጃቸውን እንዲከቱ ጠበቅሁ። ሠራተኞቹም ሥራቸውን ትተው ይጠብቁ ነበር። እትዬ አስካለ እጅጌያቸውን ወደ ታች ሳቡ፤ የገንዳውን ጠርዝ በመዳፋቸው ጠራርገው ጀርባቸውን ለቡናው ሰጥተው ተቀመጡ።

“እንግዲያውስ ሁለት ሰዓት እናውጋ” አሉ።